አድራሻዋ የጠፋባት ወፍ

የአክስቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው ስዊድን ነው። በቅርቡ «ለክረምት እመጣለሁ። መኪና ይዘን ወደ ደቡብ እንውረድ። ጥበብም ተፈጥሮም ያለበት ጉዞ አውጣልኝ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «ክረምት? ሐምሌ ላይ? መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ፣ ሰማዩ ዝግ። ምን ልታዪ ነው?» አልኳት። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። በሦስተኛው ቀን ነው የገባን። ያጣላን ስልኳ ላይ ያለው መተርጎሚያ ነበር፤ «ዊንተር»ን «ክረምት» እያለ። የእሷ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው፣ በረዶ። የእኛ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ በጋ ነው፤ እህሉ ተወቅቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ደርቆ።

ሳቅንና አለፍነው። ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቃሉ ከአገሩ ሲወጣ የአየር ጠባዩን እዚያው ጥሎ ነው የወጣው። ፊደሉ አለ፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል።

በጋ መሆኑን ከተስማማን በኋላ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የእናቷ ሳሎን ነው። መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ከእንጨት የተቀረጸ ሰው ቆሟል፤ አንገቱ ረጅም፣ ፊቱ ጠባብ፣ እጆቹ ከጎኑ የተጣበቁ፣ እንጨቱ በእድሜ ይሁን በቀለም ግራጫ የሆነ። አክስቴ ከ20 ዓመት በፊት ግድም ለእረፍት መጥተው ሳለ አዲስ አበባ ካለ አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው የገዙት። ሻጩ የነገራቸው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «የደቡብ ነው።» ልጅቷ ከፎቶው ሥር «ይሄ የየት ነው? በመንገዳችን ላይ ካለ ይዤው ልምጣ?» ብላ ጽፋለች።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ጉዞም ሳቅድ ሠንጠረዥ ከመክፈት ሌላ አላውቅም። ቦታ፣ ኪሎ ሜትር፣ ማደሪያ፣ ከዚያ «ጥበብ» እና «ተፈጥሮ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አበጀሁ። መጨረሻ ላይ «የአክስቴ ቅርጽ» ብዬ አንድ ረድፍ ጨመርኩ። ቦታ በሚለው ሥር የምጽፈው አልነበረኝም። ባዶ ተውኩት።

ይህ ጽሑፍ ያን ባዶ ቦታ ለመሙላት ሳነብና ስጠይቅ ያገኘሁት ነው። እናንተም ወደዚያ ለመውረድ የምታስቡ ከሆነ መንገዱ ይጠቅማችኋል። (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በበጋ የሚሄዱት

በበጋ ወደ ደቡብ ለመውረድ ያሰብነው እኛ የመጀመሪያ አይደለንም። ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሚሸሹ ወፎች፣ ሽመላውም ዳክዬውም፣ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ይሰፍራሉ፤ አገራቸው ሲሞቅ ይመለሳሉ። ነጋዴም ቅፍለቱን የሚያንቀሳቅሰው ወንዝ ሲጎድል ነበር። ጦርም እንዲሁ። የምኒልክ ሠራዊት በ1894 ወላይታን ወግቶ ካዎ ጦናን የማረከው በዚሁ በደረቁ ወራት ነው። በእነዚያው ዓመታት የአውሮፓ አዳኞችና አሳሾች ከሶማሌ ጠረፍ ተነስተው ወደ ሐይቆቹ ይዘልቁ ነበር። ሁሉም አንድ ነገር ይዞ ተመልሷል፤ አንዱ ግብር፣ አንዱ ምርኮ፣ አንዱ ቆዳና ቀንድ፣ አንዱ ካርታ።

«ደቡብ» የሚለው ቃል ራሱ አዲስ አበባ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ቃል ነው። ኮንሶ ያለ ሰው ደቡብ አይኖርም፤ ኮንሶ ነው የሚኖረው። እና ያ ሻጭ «የደቡብ ነው» ሲላቸው ለአክስቴ የሰጣቸው አቅጣጫ እንጂ አድራሻ አልነበረም።

የማን ድንጋይ?

መውጫችን በቡታጅራ መንገድ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ግድም እንደሄዳችሁ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ አለ። እዚያ የቅድመ ታሪክ ሰዎች ከ2 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ጀምሮ ድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ሠርተዋል። ከሚፈልጡት አንዱ ባልጪት ነው፤ ያ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያበራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ቅርብ ያለው መንደርም ስሙ ባልጪት ነው። ሁለቱ ቦታዎች በ2024 አንድ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ድንጋዩ፣ ድንጋዩ የወጣበት ቦታና የቦታው ስም ሳይለያዩ አብረው የቆዩበት እንዲህ ያለ ስፍራ ብዙ የለም። ጉዞውን ከዚህ የማስጀምረውም ለዚህ ነው።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ጢያ ነው። 36 ሐውልቶች፣ ከእነሱም 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው፣ በ1980 የተመዘገቡ። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ክብ አለ። ቅጠል የሚመስል ምልክት አለ፤ እንሰት ነው የሚሉ አሉ። የአብዛኛው ምልክት ትርጉም እስካሁን አልተፈታም። በሶዶ አካባቢ ብቻ እንዲህ ያሉ ወደ 160 የሚጠጉ ስፍራዎች ተገኝተዋል።

በአካባቢው እነዚህ ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ኖረዋል። ኢማም አሕመድ በዚህ ያለፉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሮዤ ዡሶም የተባለው ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ከሐውልቶቹ ሥር ሲቆፍር ግን መቃብር አገኘ። አብዛኞቹ የተቀበሩት ወጣቶች ነበሩ፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ይገመታል። ግራኝ ከመወለዳቸው በፊት ድንጋዮቹ ቆመው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ሕዝቡ ተሳሳተ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያየሁበት። የቀራጮቹ ስም ሲጠፋ ቦታው ባዶውን አልቀረም፤ የሚታወቀው ትልቁ ስም ገብቶ ሞላው። ባለቤቱ የማይታወቅ ነገር ባለቤት አልባ ሆኖ አይቆይም፤ ኃይለኛው ስም ይወርሰዋል። ደግነቱ ድንጋዩ ከቦታው አልተነሳም ነበር። ባይቆም ኖሮ ሥሩን የሚቆፍር፣ ስሕተቱን የሚያርም አይኖርም ነበር።

ውኃው የታሰረበት ሰንሰለት

ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዝዋይ እንገባለን። ከተማዋ አሁን ባቱ ናት፤ ሐይቁም ደምበል ይባላል። ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ተቀመጠች የሚል ትውፊት አለ። የብራና መጻሕፍቱንም፣ የዛይ ሕዝብ ቋንቋንም ይዘው የቆዩት እነዚህ ደሴቶች ናቸው። መቼም ከዋናው ምድር በውኃ መለየታቸው ሳይረዳቸው አልቀረም።

የደምበል ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ አቢጃታ ይገባል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው። ላይ ለመስኖ ሲቀዳ፣ ዳር ላይ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲሳብ፣ የሚጎድለው እሱ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ውኃው እጅግ ሸሽቷል። የድሮው ዳርቻ ላይ ቆማችሁ አሁን ያለውን ውኃ በሩቁ ታያላችሁ፤ በመሃል ያለው ነጭ ሜዳ የሐይቁ ወለል የነበረው ነው።

አጠገቡ ሻላ አለ፤ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ በፈነዳ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። የፔሊካኖቹን ነገር ስሙኝ። ሻላ ላይ ደሴቶች አሉ፤ አውሬ አይደርስባቸውም፣ ለጎጆ ይመቻሉ። ዓሣ ግን እንደልብ የለም። አቢጃታ ላይ ደግሞ ዓሣ ነበረ፣ ደሴት የለም። ስለዚህ ነጫጮቹ ፔሊካኖች ሻላ ላይ ይፈለፍሉና ለምግብ አቢጃታ ይበሩ ነበር። የአቢጃታ ውኃ ቀንሶ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ደሴቶቹ ምንም አልሆኑም፤ እዚያው ናቸው። ፔሊካኖቹ ግን መራባታቸውን እያቆሙ ሄዱ።

ይህን ሳነብ «ተፈጥሮ» የሚለው ዓምዴ ላይ «አቢጃታ» እና «ሻላ» ብዬ ለየብቻ የጻፍኳቸውን ሁለት ረድፎች አየኋቸው። ለወፏ አንድ ቤት ነበሩ፤ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ማዕድ ቤት።

ሁለቱ ዓምዶች የተዋሐዱበት

ሐዋሳን አልፈን ዲላ ስንደርስ ጌዴኦ እንገባለን። እዚህ ሠንጠረዤ ራሱ ፈረሰ።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 ተመዝግቧል። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከዚያም ሌላ ቁጥቋጦ። የይርጋ ጨፌ ቡና እያላችሁ የምትጠጡት ከዚሁ ጥላ ሥር የሚለቀም ነው። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ መሬቱም ጥብቅብቅ ያለ ነው፤ ግን ከሩቅ ለሚያይ ደን ይመስላል። በዚህ መካከል የድንጋይ ትክሎች አሉ፤ ቱቱ ፈላ ላይ ፊትና አካል የተቀረጸባቸው፣ ጨልባ ቱቱቲ ላይ ረጃጅሞች። ሳካሮ ሶዶ በሚባለው ስፍራ የተደረገው የዘመን ልኬት ደግሞ ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን ነው የወሰደን፤ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በአንድ ሺህ ዓመት ግድም ይቀድማል።

እስቲ ይሄን «ጥበብ» ልበለው ወይስ «ተፈጥሮ»? ትክሉን ያቆሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በእርግጥ አይታወቅም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ግን ስፍራውን አክብረው ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ዛፍ የማይቆረጥባቸው የተቀደሱ ደኖችም አሏቸው። ዛፉ የቆመው ሥርዓቱ ስላለ ነው። ሥርዓቱም የሚፈጸመው ዛፉና ድንጋዩ ባሉበት ነው። አንዱን ነቅለህ ሙዚየም ብታቆመው የምታገኘው ድንጋይ ብቻ ነው።

ማታውኑ ሁለቱን ዓምዶች አንድ አደረግኳቸው። ስሙንም «እዚያ ያለው» አልኩት።

ሁለት ወፎች፣ ሁለት ስሞች

ከዲላ በቡሌ ሆራ አድርጎ ያቤሎ። መሬቱ ይደርቃል፣ አፈሩ ይቀላል፣ ኩይሳው ይረዝማል። እዚህ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኝ ቁራ አለ። ግራጫ ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ። የሚኖርበት አካባቢ ለአንድ ወፍ በጣም ጠባብ ነው፤ ከዚያ ወጣ ቢል ደግሞ ለዓይን የማይለይ ያው ግራርና ያው ሣር ነው። ለምን እንደማይወጣ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ ቆየ። በ2012 የወጣ ጥናት ልዩነቱ የሙቀት መጠን መሆኑን አሳየ። ቁራው የሚኖረው በዙሪያው ካለው አገር ትንሽ ቀዝቀዝ በሚል አንድ ክልል ውስጥ ነው። አጥር የሌለው አጥር። አየሩ በሞቀ ቁጥር አጥሩ ይጠባል። ይህ ወፍ ከቦታው የሚወስደው ሰው ላያስፈልገው ይችላል፤ ቦታው ራሱ ከሥሩ ሊሄድበት ነው።

ስሙስ? የሳይንስ ስሙ ዛቫታሪዮርኒስ ነው። ኤዶአርዶ ዛቫታሪ በወረራው ዘመን፣ በ1937፣ ወደ ቦረና የሳይንስ ጉዞ የመራ ጣልያናዊ ነው። ወፉ በስሙ የተሰየመው በ1938። በዚያው በ1938 ዛቫታሪ የፋሽስቱን መንግሥት የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ። ቦረና ለወፉ ስም አጥቶ አያውቅም። ግን መዝገቡ የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው፣ ሳይንሱም እስከ ዛሬ በዚያ ስም ነው የሚጠራው። ጢያን አስታወሰኝ፤ ስም የሚሰጠው ኃይል ያለው ነው።

ሌላይቱ ወፍ ከመንገዳችን ወደ ምሥራቅ ራቅ ትላለች፤ ነገሌ ቦረና አካባቢ ባሉ ደኖች። አረንጓዴ፣ ራሷ ላይ ነጭ ጉትዬ ያላት፣ ስትበር የክንፏ ቀይ ቦግ የሚል ቱራኮ። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣልያናዊ መስፍን በጉዞው ላይ ገድሎ ቆዳዋን ከስብስቡ ጋር አኖረ። በታኅሣሥ 1893 ራሱን ዝሆን ገደለው። 27 ዓመቱ ነበር፤ የእኔ እኩያ ማለት ነው። ስብስቡ ጣልያን ደረሰ። በ1896 ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ ቆዳዋን መርምሮ አዲስ ዝርያ መሆኗን አወቀና በሟቹ ስም ጠራት። አንድ ነገር ግን ጎደለ፤ ሩስፖሊ የት እንዳገኛት የጻፈው ነገር አልነበረም።

ቆዳው አለ። ላባው አለ። ስም አላት። አድራሻ የላትም። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሊቃውንቱ የት እንደምትኖር አያውቁም ነበር። በደኑ ሥር የሚኖሩት ሰዎች እኮ በየጠዋቱ ይሰሟታል፤ የጠየቃቸው የለም እንጂ።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ለአክስቴ ልጅ «የእናትሽ መደርደሪያ ላይ ያለው ሩስፖሊ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። «ማን ነው ሩስፖሊ?» አለችኝ። የድምፅ መልእክት ላኩላት፣ አሥራ አንድ ደቂቃ።

ዋካ

ከያቤሎ ኮንሶ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር 2011 ላይ ተመዝግቧል። ሰዉ ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ ቅብብል፣ ተራራውን በድንጋይ ካብ እርከን አድርጎታል፤ ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ጭቃም ሲሚንቶም የለውም። ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይይዛል፣ ውኃውን ያቆያል፣ የተረፈውን ያሳልፋል። መንደሮቹም በድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው። በአደባባዮቹ ላይ የትውልድ ምሰሶ ይቆማል፤ አዲስ ትውልድ ሥልጣን ሲረከብ አንድ ግንድ ይጨመራል። ግንዶቹን የሚቆጥር ዕድሜውን ይቆጥራል። የጽሑፍ መዝገብ ሳይኖር ዘመን የሚቆጠርበት ሥርዓት ነው።

ዋካ የምንለውም እዚህ ነው። አንድ የተከበረ ሰው፣ ጠላት ወይም አንበሳና ነብር የገደለ ጀግና ሲሞት፣ ምስሉ ከእንጨት ይቀረጽለታል። ግን ብቻውን አይቆምም። ጀግናው መሃል፣ ሚስቶቹ በግራ በቀኝ፣ የገደላቸው ሰዎች ከዳር፣ የገደለው አውሬ ከፊት። የጀግናው ግንባር ላይ የጀግንነት ጌጥ ይቀረጻል፤ ዓይን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርስ ከፍየል አጥንት ይደረግለታል። ቆሞ የሚያየው ሁሉንም በአንድ ላይ ነው፤ ማን እንደነበር፣ ማንን እንዳገባ፣ ማንን እንደገደለ። እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ያን ዓረፍተ ነገር ነው የበታተኑት። ዋካዎች እየተሰረቁ ለስጦታ ዕቃ ነጋዴና ለሰብሳቢ ተሸጡ። ዛሬ ብዙዎቹ በመቃብራቸው ላይ የሉም። ኮንሶ ከተማ፣ ካራት፣ ባለው ሙዚየም የምታዩአቸው ከሌባ የተረፉት ወይም ከተያዙ በኋላ የተመለሱት ናቸው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር) የተከለከለ ነው። አዋጁ ግን የተሸጠውን መልሶ አያቆመውም።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ግንባሩ ላይ ጌጥ የለም። ተሰብሮም ሊሆን ይችላል፣ ከመጀመሪያውም ላይኖር ይችላል። ከሌለ ጀግናው አይደለም። ታዲያ ማን ነው? ሚስቱ ናት? ወይስ የገደለው ሰው? 20 ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲመጣ «አያት ቅድመ አያቶቻችን» እየተባለ ሲታይ የኖረው ሰው የአንድ ጀግና ጠላት ሊሆን ይችላል። ከጎኑ የቆሙት ስለሌሉ ማወቅ አይቻልም። ወይም ደግሞ ለቱሪስት ተቀርጾ ሻይና አመድ ተቀብቶ ያረጀ አዲስ ሥራ ነው።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «ቅጂ ቢሆንስ? ይዘነው መጥተን ሰው ሊስቅብን ነው» አለች። ይሳቁብን አልኳት። ለቱሪስት የቀረጸም ሰው ስም አለው፣ መንደር አለው። ቢያንስ ያንን እንጠይቃለን።

አንድ ክንፍ

ከኮንሶ አርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በአባያና በጫሞ መካከል ያለችው ቀጭን ከፍታ የእግዜር ድልድይ ትባላለች። አባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ። አሳሹ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1890ዎቹ አጋማሽ እዚህ ሲደርስ አባያን በጣልያን ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» አለው። ጫሞም በካርታዎች ላይ «ሩስፖሊ» የተባለበት ጊዜ ነበር፤ ያው ዝሆን የገደለው። እነዚያ ስሞች አሁን ቀርተዋል። ሐይቆቹ ከቦታቸው ስላልተነሱና የሚጠሯቸው ሰዎችም ዳራቸው ስለኖሩ ስማቸውን አስመለሱ።

ከማዶ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር። በ1990 የተመራማሪዎች ቡድን ፓርኩ ውስጥ ሲጓዝ መንገድ ላይ መኪና የገጫት የሞተች ወፍ አገኘ። ናይትጃር ከሚባሉት ናት፤ ቀን መሬት ላይ ተኝታ የምትውል፣ ሌሊት የምትበር። የተረፋት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ይዘው ሄዱ፤ ከማንም ጋር አልመሳሰል አለ። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። የላቲን ስሟ ሶላላ ነው፣ «ክንፍ ብቻ» እንደማለት። በ2009 የወፍ አዋቂዎች በሕይወት አየናት ብለው ዘገቡ።

ከሩስፖሊ ጋር አነጻጽሯት። የእሱ ወፍ ሙሉ አካል ነበራት፣ ቦታ አልነበራትም፤ ፈላጊዎቿ ከ40 ዓመት በላይ ተንከራተቱ። የነጭ ሣሯ አንድ ክንፍ ብቻ ነበራት፤ ግን የት እንደተገኘች ተጽፏል። ስለዚህ የሚፈልጓት የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ወፏ ያልተሟላች ናት፣ መዝገቧ ግን ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ መደምደሚያዬ ግልጽ ይመስለኝ ነበር፦ ነገርን ከቦታው አታንሳ። ለአክስቴም በስልክ ይህንኑ አልኳቸው። አክስቴ የሚያዳምጡ ሴት ናቸው። ጨርሼ ሲያበቃ «እሺ ልጄ፣ እኔስ?» አሉኝ። «እኔስ ከቦታዬ ወጥቼ አይደል 30 ዓመት የኖርኩት? ያ እንጨት እኮ በዚያ ቤት ውስጥ አገሬን የሚመስለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

የምመልሰው አጣሁ።

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጋሞ ተራሮች ላይ፣ ዶርዜ ስደርስ ነው፤ በንባብ ማለቴ ነው፣ ገና አልሄድንም። የዶርዜ ቤት በቀርከሃና በእንሰት ቅጠል እንደ ቅርጫት ይታታል፤ ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ የተበላውን ይቆርጡለታል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ቦታው ካልተመቸ ደግሞ ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ያዛውሩታል። የዶርዜ ሸማኔም እንዲሁ ከአገሩ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ሰፍሯል፤ ለጥምቀት የምትለብሱት ጥበብ ምናልባት ከእጁ የወጣ ነው። ወጣ፣ ግን ሙያውን ይዞ፣ ስሙን ይዞ፣ ከመጣበት ጋር ሳይቆራረጥ።

መንቀሳቀስ ኃጢአት አይደለም እንግዲህ። ቤቱን የተሸከሙት ባለቤቶቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። ሽመላው መንገዱን ያውቃል። አክስቴ ከየት እንደመጡ ይናገራሉ። ያ እንጨት ግን ማንም ከየት እንደሆነ ሳይጽፍለት፣ በሌሊት ይሁን በቀን ሳይታወቅ፣ ከጎኑ ከቆሙት ተነጥሎ ነው የሄደው።

የተሻሻለው ዕቅድ

ከሳምንት በኋላ አክስቴ ራሳቸው ደወሉ። «ስታመጡት እኔም አብሬ ልምጣ» አሉ። «ሲወስዱት የሸኘው የለም። ሲመለስ እንኳ ልሸኘው።»

ስለዚህ ዕቅዱ ተቀየረ። ዘጠኝ ቀን የነበረው አሥራ ሁለት ሆኗል። የአክስቴ ጉልበት ያማል፤ የኮንሶን መንደሮች ሽቅብ ቁልቁል በአንድ ቀን አንጨርስም፣ ሁለት ሌሊት እናድራለን። መነሻችን ከጥምቀት ማግስት ነው። ቡታጅራ፣ ባቱ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ኮንሶ፣ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ በሶዶና በሆሳዕና መመለስ። ለናንተም፦ ከመውጣታችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት በዚያ ያለፈ ሹፌር ፈልጋችሁ የመንገዱንም የሰላሙንም ሁኔታ ጠይቁ፣ ካርታ ይህን አይነግራችሁም። ከያቤሎ በፊት ነዳጅ ሙሉ። ለቆላው የወባ ነገር ሐኪም አማክሩ። በየደረሳችሁበት የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ስም ስትሰሙ ጻፉት። አሮጌ የሚመስል ቅርጽ ሊሸጥላችሁ የመጣ ካለ አትግዙ።

ሠንጠረዡ አሁንም ክፍት ነው። «የአክስቴ ቅርጽ» ከሚለው ረድፍ ፊት ለፊት ቦታው እንደተውኩት ባዶ ነው። አጠገቡ ግን አንድ ነገር ጽፌያለሁ፦ «ካራት፣ ሙዚየሙ፣ ስድስተኛው ቀን ጠዋት። አክስቴ ይጠይቃሉ።»